ሪዞርቱ መጣ፣ ተራውስ?

ቢሮዬ አራት ኪሎ ነው። የህንፃችን ጥበቃ የሆኑት ጋሼ ባለፈው ሳምንት ማታ ስወጣ አስቆሙኝና "የኔ ልጅ፣ እስቲ ይቺን አንብብልኝ፣ ፊደሉ አነሰብኝ" ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ። ታናሽ ወንድማቸው ከገጠር በቴሌግራም የላከላቸው የደብዳቤ ፎቶ ነው፣ ማህተሙ ግማሹ ተቆርጧል፣ አካባቢው ለቱሪዝም ልማት ስለተከለለ ባለይዞታዎች በሙሉ ቅዳሜ ጠዋት ለውይይት እንዲገኙ ይላል፣ በቃ ይሄው ነው። አንብቤ ስጨርስ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና "ውይይት ነው የሚለው ወይስ ማሳወቅ?" አሉኝ። ውይይት ነው የሚለው አልኳቸው። "እሱስ ደግ ነው" አሉ፣ ፊታቸው ግን አልተፈታም።

የአገራቸውን ስም እንዳትጠራ ብለውኛል ስለዚህ አልጠራም። ከአዲስ አበባ በመኪና ግማሽ ቀን የማይፈጅ፣ ውሃ ያለው፣ ጫካ ያለው፣ ዊኬንድ ላይ የከተማ ሰው ፎቶ ሊነሳ የሚሄድበት ቦታ ነው። እዛ ከብዙ ዓመት ጀምሮ ልጆቹ ለመጣ እንግዳ ፈረስ ያከራያሉ፣ እና የሚያከራዩት በተራ ነው። አንድ ደብተር አለ፣ ስም ይጻፍበታል፣ የዛሬው ተራ የእገሌ ከሆነ የአንተ ፈረስ የቱንም ያህል ቢያምር ዛሬ አይወጣም። ባል የሞተባት ሴት ፈረስ ባይኖራት እንኳን ስሟ ደብተሩ ላይ አለ፣ ተራዋ ሲደርስ የጎረቤት ፈረስ ይወጣላትና ብሩን ይካፈላሉ። ከእያንዳንዱ ጉዞ ደግሞ ትንሽ ትንሽ ወደ ሳጥን ይገባል፣ በሷ ምንጩን አጥረዋል፣ ሰው ሲታመም መኪና ተከራይተዋል። ይሄንን ማንም ኤክስፐርት መጥቶ አላስተማራቸውም፣ እቁብንና እድርን የሚያውቅ ሰው ፈረስ ላይ አዋለው፣ ሌላ ነገር የለውም።

ታዲያ ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ሰው አነስ ያለች ሎጅ ሰራ። ሰውየው ክፉ አይደለም ይላሉ ጋሼ፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ሰላምታውም ጥሩ ነው። ግን እንግዳው ከአዲስ አበባ ሳይነሳ በስልክ ቡክ ያደርጋል፣ ሲደርስ ፈረስ ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት፣ ስለዚህ ሎጁ ጥሩ ጥሩ ፈረስ ካላቸው ሶስት ሰዎች ጋር ተዋዋለ። የሶስቱ ስራ ደራ፣ የቀሩት ደብተር ይዘው ቀሩ፣ ቀጥሎ ደብተሩም ቀረ። ሳጥኑ ውስጥ ብር መግባት አቆመ። አሁን ሁለት ወንድማማቾች በዚሁ ነገር አይነጋገሩም። ማንም ቤት አልፈረሰም፣ ማንም መሬት አልተወሰደም፣ በሪፖርት ቢጻፍ "ለሶስት ሰዎች ቋሚ ገቢ ተፈጠረ" ነው የሚባለው፣ እሱም እውነት ነው።

እኔ ሪዞርት አይሰራ የሚል ሰው አይደለሁም። አገራችን ዶላር ትፈልጋለች፣ ገጠር ያለ ወጣት ስራ ይፈልጋል፣ መንገድና መብራት ከዚህ ሰበብ ውጪ የማይደርስለት ወረዳ ብዙ ነው። በግንቦት 2011 ገበታ ለሸገር የሚባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ እራት ለአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር ተብሎ ሲጀመር፣ በ2012 መጨረሻ ደግሞ ገበታ ለሀገር በ10 ሚሊዮን ብር ገበታ ወደ ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ ሲሻገር ብዙዎቻችን ደስ ብሎናል፣ አገሬን ሳላያት ልሞት ነው ይል የነበረ ሰው ዛሬ ሃላላ ኬላ ሄዶ ፎቶ ይለጥፋል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ፕላኑ ሲሰራ ክፍል ይቆጠራል፣ አልጋ ይቆጠራል፣ የአስፋልቱ ኪሎ ሜትር ይቆጠራል፣ የሚፈጠረው የስራ እድል ይቆጠራል፣ ያቺ የተራ ደብተር ግን የሚቆጥራት የለም። ገጠር ውስጥ ደግሞ ሰውን ከችግር የሚያወጣው አብዛኛው ነገር የደብተሯ ዓይነት ነው፣ የወል ነው፣ የእገሌ ተብሎ አይጻፍም። ግጦሹ፣ ምንጩ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይ ወደ መስጊድ የሚያቋርጠው የእግር መንገድ፣ ደቦው፣ ወንፈሉ፣ ሰንበቴው።

ወንጪን እንውሰድ፣ ለኛ ቅርብ ስለሆነ። ከአምቦና ወሊሶ መሃል ከፍ ብሎ ያለ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ሐይቅ ነው፣ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ። ትልቁ ፕሮጀክት ከመታሰቡ ብዙ ዓመት በፊት የአካባቢው ሰው በጀርመኖች የልማት ድጋፍ ማህበር አቋቁሞ ፈረስ፣ ጀልባና አስጎብኚ በተራ ያቀርብ ነበር፣ እኔም ተማሪ እያለሁ ከጓደኞቼ ጋር ሄጄ በዛው ተራ ፈረስ ተቀምጫለሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መርጧታል። ልብ በሉ፣ ሽልማቱ የመንደር ነው፣ የሆቴል አይደለም። መንደሩ መንደር ሆኖ ካልቀጠለ የተሸለመው ነገር የለም ማለት ነው። ስለዚህ ወንጪ ላይ መጠየቅ ያለበት "ስንት ሰው ተቀጠረ" ብቻ ሳይሆን "ማህበሩ ከአዲሱ ሎጅ ጋር በምን ውል ነው የሚሰራው፣ ፈረሱን የሚያዘው ማነው፣ ዋጋውን የሚቆርጠው ማነው" ነው።

ስራ እድል የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው እዚህ ጋ ይዘጋል። መሬቱን ለሪዞርት የለቀቀ ሰው ልጅ ብዙ ጊዜ የሚቀጠረው ጥበቃ፣ ጽዳት፣ አትክልተኛ ሆኖ ነው። ስራው ክቡር ነው፣ ጋሼም ጥበቃ ናቸው። ግን አባቱ ስንዴው ሲደርስ ማን እንደሚያጭድ፣ ማን እንደሚበላ፣ ለማን እንደሚያበድር የሚወስን ሰው ነበር፣ ልጁ ደግሞ እረፍት ለመውጣት ፎርም ይሞላል። በወር መጨረሻ ደመወዝ ይመጣል፣ አዎ፣ ያው ደመወዝ ግን የጎረቤቱን ማሳ በደቦ ለማረም ቀን አይሰጠውም፣ ሶስት ደቦ የቀረ ሰው አራተኛው ላይ አይጠራም፣ የሱ እናት ቤት ጣሪያ ሲያፈስ ደግሞ የሚመጣ ሰው ያንሳል። ይሄ በአንድ ጊዜ አይታይም፣ አምስት ስድስት ዓመት ይፈልጋል፣ እስከዛ ድረስ ምርቃቱም ሪፖርቱም አልቋል።

ሌላው ነገር የምግቡ ጉዳይ ነው። ሪዞርት መጣ ሲባል ገበሬው ደስ የሚለው እንቁላሌን፣ ወተቴን፣ ድንቼን እሸጣለሁ ብሎ ነው። ብዙ ቦታ ግን የሪዞርቱ ኪችን ቲማቲም ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ተጭኖ ነው የሚሄደው፣ ከሀይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ። ለምን? ክፋት አይደለም፣ ደረሰኝ ነው። ሆቴሉ ወጪውን ለማስመዝገብ ደረሰኝ ያስፈልገዋል፣ ማሳ ላይ ያለች ሴትዮ ቲን ቁጥር የላትም፣ ደረሰኝ አትቆርጥም፣ አቅራቢው ግን ይቆርጣል። ስለዚህ ካጥሩ ማዶ ያለው ጎመን አጥሩን ሳያልፍ ይቀራል። ይሄ እኮ የሚፈታ ነገር ነው፣ የገበሬው ህብረት ስራ ማህበር ደረሰኝ መቁረጥ ይችላል፣ የሪዞርቱ ግንባታ ሲጀመር አብሮ ውል ቢታሰር ሴትዮዋ ጎመኗን ለማህበሩ ታስረክባለች፣ ማህበሩ ለኪችኑ። ግን ማነው ይሄን የሚያስበው? ኮንትራክተሩ ህንፃውን ነው የሚያስበው።

ሰው ሲነሳ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ስሜን ላይ ግጭ የሚባል መንደር ነበር፣ ከፍታ ላይ፣ ገብስ የሚያርሱ በግና ከብት የሚያረቡ ሰዎች። ስሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፣ በ1989 ግን እርሻና ግጦሹ በዝቶ ዋልያው ስለተጎዳ አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። በ2008 ዓ.ም. ገደማ ከ400 በላይ የግጭ አባወራዎች ተነስተው ደባርቅ ከተማ ሰፈሩ፣ በ2009 ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ለዋልያው ትልቅ ድል ነው፣ ከልቤ ነው የምለው፣ ዋልያ ሌላ አገር የላትም። ገበሬው ግን ካሳውን በብር ተቀብሎ ከተማ ገባ። ብር በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ብር ሲይዝ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፣ ቤት ይሰራል፣ ለልጅ ይሰጣል፣ ዘመድ ይበደራል፣ ከዛ ያልቃል፣ ማሳው ግን በየዓመቱ ነበር ገብስ የሚሰጠው። ደባርቅ ላይ አስጎብኚው፣ ስካውት የሚባለው አጃቢ ጠባቂ፣ በቅሎ ጫኙ በማህበር ተደራጅቶ በተራ ነው የሚሰራው፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ከውጪ የገባ ሰው ያቺን ተራ ለማግኘት ቀድሞ ከተያዘው ወረፋ ኋላ ነው የሚቆመው። ድሮ እንግዳው በሱ ደጅ ነበር የሚያልፈው።

ነጭ ሳር ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነገር ነው የሆነው። በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ፓርኩን አፍሪካን ፓርክስ የሚባለው ድርጅት እንዲያስተዳድረው ውል ሲታሰር የኮሬና የጉጂ ሰዎች ከውስጥ እንዲወጡ ተደረገ፣ ጉጂዎቹ ላይ ቤት እስከማቃጠል ተደርሷል ተብሎ በሰብዓዊ መብት ተቆርቋሪዎች ተዘግቧል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ድርጅቱ ራሱ ጥሎ ሄደ፣ አንዱ ምክንያት የሰዎቹ ጉዳይ አለመፈታቱ ነው። ሰውን ከጎኑ ያላደረገ ፓርክ ጥበቃ ቢቀጥርም አይጠበቅም።

ህጉን እንይ። ብዙ ሰው ህግ የለም ብሎ ያስባል፣ አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ገበሬውም አርብቶ አደሩም ከመሬቱ እንዳይነቀል ይላል፣ አንቀጽ 44 መንግስት በሚሰራው ፕሮግራም የተፈናቀለ ሰው ተመጣጣኝ ካሳ ይገባዋል ይላል፣ አንቀጽ 43 ደግሞ ህዝቡ በሚመለከተው ፕሮጀክት ላይ ሃሳቡን የመስጠት መብት አለው። መሬት ለህዝብ ጥቅም ሲወሰድ ስለሚከፈለው ካሳ የሚናገረው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣ ከድሮው በጣም ተሻሽሎ ነው፣ የድሮው ለገጠር ተነሺ የአስር ዓመት ገቢ ነበር የሚያስበው፣ ይሄኛው በሶስት ዓመት ውስጥ ካገኘው ከፍተኛውን የዓመት ገቢ በ15 አባዛው። ሲወጣ ባለይዞታው መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ እንዲመከር አዝዞ ነበር። ለወል መሬትም ካሳ አለ። እና በጣም የገረመኝ ነገር፣ ለማህበራዊ ትስስር መቋረጥና ለስነ ልቦና ጉዳት የሚከፈል ካሳም አዋጁ ውስጥ ገብቷል። ማለትም ህግ አውጪው ራሱ ሰው ከጎረቤቱ ሲለይ ጉዳት እንደሚደርስበት አውቋል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የኔ ችግር የሚጀምረው ትስስሩ ወደ ብር ሲቀየር ነው፣ ብሩ በየሰው ይከፋፈላል፣ ትስስሩ ግን በየሰው የሚከፋፈል ነገር አልነበረም። የወል ግጦሹም እንደዛው ነው፣ ለመንደሩ ተከፍሎ ሲካፈሉት ለአንድ ቤት የሚደርሰው ለአንድ በዓል ይበቃ ይሆናል፣ ሳሩ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ይበቅል ነበር።

ይሄን በራሴ ቤት አይቼዋለሁ። እናቴ የፒያሳ ልጅ ናት፣ እድሯ ከኔ ዕድሜ ይበልጣል። ሰፈሩ በ2016 ሲነሳ አባላቱ እየተበተኑ ሄዱ፣ አንዱ አራብሳ፣ አንዱ ቱሉ ዲምቱ፣ አንዱ ዘመድ ጋር ተጠጋ፣ በዓመቱ ካዛንቺስም ሲነሳ እዛ ያሉ የእህቷ ጎረቤቶች ገላን ጉራ ገቡ። ቤት ያገኘ አገኘ፣ አንዳንዱ ከድሮው የተሻለ ቤት ነው ያገኘው፣ ሽንት ቤት ያለው፣ ውሃ ያለው፣ እሱን አልክድም። ግን የእድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ትልልቅ ድስቶቹ የት ይቀመጡ የሚለው ጥያቄ ለወራት አልተፈታም፣ እናቴ ስልክ ላይ ሆና ስትከራከር ማታ ማታ እሰማት ነበር። በመጨረሻ አንድ አባል ጋር ተቀመጠ፣ ሰው ሲሞት ድንኳኑን ለማድረስ መኪና መከራየት አለ፣ ከሞተው ሰው ቤት ውሎ ማደር ድሮ እግር የሚያደርሰው ነገር ነበር፣ አሁን ሁለት ታክሲ ነው። ከተማ ውስጥ፣ መንገድና ስልክ ባለበት፣ ይሄን ያህል ከከበደ ገጠር ላይ እንዴት እንደሚሆን አስቡት።

የካርታው ነገርም አለ። ፕላን የሚሰራ ሰው ሄዶ ቦታውን ያያል፣ በበጋ ነው የሚሄደው መንገዱ ስለሚመች፣ ሰው የሌለበት ሜዳ ያያል፣ ካርታው ላይ ክፍት ቦታ ብሎ ያስቀምጠዋል። ባሌ ላይ ግን ጎደንቱ የሚባል የቆየ ልማድ አለ፣ ሰው ከብቱን እንደ ወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ ከደጋ ወደ ቆላ ይወስዳል፣ ሜዳው ስድስት ወር ባዶ ቢመስል ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኗል፣ እንኳን ደስ ያለን፣ እንግዳውም ይበዛል፣ እንግዳ ሲበዛ ሎጅ ይበዛል፣ ስለዚህ ያንን ሜዳ የሚከልል ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ሳያይ ባይከልል እላለሁ። አንድ ክረምት፣ አንድ በጋ።

ቱሪዝም ላይ ብቻ መንጠልጠል ምን እንደሆነ ደግሞ ላሊበላን መጠየቅ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት በውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖር የነበረው ሰው ለቅርሱ ተብሎ ተነስቷል፣ ከተማው በሙሉ ወደ እንግዳ ዞረ፣ ሆቴል፣ አስጎብኚ፣ ጫማ ጠባቂ፣ ሻማ ሻጭ። በ2012 ኮሮና መጣ፣ በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ከተማው ውስጥ ገባ፣ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልሉ ግጭት። እንግዳ ቀረ። ማሳ የነበረው ሰው ጤፍም ማሽላም ዘርቶ ቆየ፣ ማሳውን የለቀቀው ሰው ግን የሚዘራው አልነበረውም። እዛው ላሊበላ አጠገብ መቄት ላይ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ተስፋ በሚባለው ፕሮግራም ገበሬዎቹ ራሳቸው ጎጆ ሰርተው እንግዳ ያሳድሩ ነበር፣ ጎጆው የመንደሩ ነው፣ ኮሚቴው የመንደሩ ነው፣ ምግቡን የሚሰሩት የመንደሩ ሰዎች ናቸው፣ እንግዳው ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው በእግሩ ይሄዳል አህያ እቃውን ይጭናል። እንግዳ ሲቀር ያመጣው ገቢ ቀረ፣ ከባድ ነው፣ ግን በሬው በረት ውስጥ ነበር፣ ማሳውም አልተነካም። እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው፣ ቱሪዝም ከእርሻው ላይ ሲጨመር አንድ ነገር ነው፣ እርሻውን ሲተካ ሌላ ነገር ነው።

ለዚህ ነው ቅደም ተከተሉ የሚያሳስበኝ። አሁን የምናየው ቦታው ይመረጣል፣ ዲዛይን ይሰራል፣ በጀት ይያዛል፣ ከዛ ህዝብ ይጠራል። በዛ ሰዓት ገበሬው ምን ሊል ይችላል? የሚጠየቀው ካሳው ስንት ይሁን ነው፣ ሪዞርቱ የት ይሁን፣ ውሃውን ከየት ይጠጣ፣ መንገዱ በማን ደጅ ይለፍ አይደለም። የመንደሩ ኮሚቴ ከኮንሰልታንቱ በፊት ቢቀመጥ፣ ሽማግሌውም ፈረስ አከራዩም ጠላ የምትሸጠዋም ካርታው እርሳስ ላይ እያለ ቢያዩት፣ "ይቺን ምንጭ አትንኩ፣ ያችኛዋን ውሰዱ" ይላሉ፣ ያውቁታላ። ፕሮጀክቱም ይፈጥናል እንጂ አይዘገይም፣ ቅሬታ ሲበዛ ነው የሚዘገየው።

ወደ ጋሼ ልመለስ። በማግስቱ ማታ ወንበራቸው ላይ አብሬያቸው ተቀመጥኩና ወንድማቸው ቅዳሜ ስብሰባው ላይ የሚጠይቀውን በወረቀት ጻፍንለት። እሳቸው ይናገራሉ እኔ እጽፋለሁ። ከብቶቹ ውሃ የሚጠጡበት መውረጃ ካርታው ላይ አጥሩ ውስጥ ነው ወይስ ውጪ? የግጦሹ ካሳ ለማን ይከፈላል፣ መሬት የሌለው ወጣትና የመሬት ይዞታ ደብተሩ በባሏ ስም የሆነባት ሴት ይቆጠራሉ ወይ? ሪዞርቱ እንቁላልና ወተት ከማህበሩ እንዲገዛ ውል ይኖራል ወይ? ፈረሱ በተራ ነው የሚወጣው ወይስ በኮንትራት? ይቺ የመጨረሻዋ የሳቸው ናት፣ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፣ "በተራ" የሚለው ከስሩ ይሰመርበት አሉ፣ አሰመርኩበት።

ከዛ አንድ ነገር ጨመርኩ፣ ቃለ ጉባኤው ሲጻፍ ጥያቄዎቹም እንዲጻፉ፣ ሳይነበብለት እንዳይፈርም። ጋሼ ወረቀቱን ፎቶ አነሱና ላኩለት። ወንድማቸው ወዲያው በድምጽ መለሰ፣ እንዲህ አለ፣ "የተራ ደብተሩ ተገኝቷል፣ የእገሊት ቤት ነበር፣ ቅዳሜ ይዤው ልሂድ እንዴ?"

ጋሼ "ይዘኸው ሂድ" አሉት።